ረሃብ የሚመስለው በሽታ፦ ከሀርሺን እስከ ሚኒሶታ

ሀርሺን በሶማሌ ክልል፣ በፋፋን ዞን፣ ከሶማሌላንድ ድንበር አጠገብ የምትገኝ የአርብቶ አደር ወረዳ ናት። ኑሮዋ በግመልና በበግ፣ ግመልና በጓ ደግሞ በዝናብ ላይ የቆሙ ናቸው። ከ2020 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች ተከታትለው ሲከሽፉ ክልሉ ምን እንደደረሰበት አገር ያውቃል። እንዲህ ባለ ቦታ ፀጉሩ የሳሳ፣ ቆዳው የቆሳሰለ፣ አንገቱን ቀና ማድረግ ያቃተው ሕፃን ሲታይ የሚሰጠው ስም አንድ ነው፦ ረሃብ።

አብዛኛውን ጊዜ ስሙ ትክክል ነው። ሁልጊዜ ግን አይደለም።

በ1988 የሲያድ ባሬ ጦር ሀርጌሳን በአየርና በመድፍ ሲደበድብ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ድንበር ተሻግሮ ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ከሀርሺን ብዙም የማይርቀው የሀርቲሼክ ካምፕ የተቋቋመው ያኔ ነው። በአንድ ወቅት ሩብ ሚሊዮን ያህል ሰው ይዞ ከዓለም ትልልቅ የስደተኛ ካምፖች አንዱ ሆነ፤ በ2004 ተዘጋ። በእነዚያ ዓመታት ሌላው የሶማሌ ስደት መንገድ ወደ ምዕራብ ዞረ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት በአገሪቱ ትልቁ የሶማሌ ማኅበረሰብ መኖሪያ ሆነች።

በሚኒሶታ የተወለደ ሕፃን ሁሉ ከሆስፒታል ሳይወጣ ተረከዙ ይወጋል። ጥቂት የደም ጠብታ በወፍራም ወረቀት ላይ ይደርቃል፤ ወረቀቱ ወደ ላቦራቶሪ ይላካል። በ2009 የታተመ የሐኪሞች ጥናት ከእነዚህ ወረቀቶች ያልተጠበቀ ነገር አወጣ። ባዮቲኒዴዝ የተባለው ኢንዛይም ከባድ እጥረት፣ በሌላው ዓለም እጅግ ብርቅ የሆነው በሽታ፣ በሶማሌ ቤተሰቦች ልጆች ላይ ከተለመደው በላይ ደጋግሞ ተገኘ።

በሽታውን ለመረዳት ወደ እንቁላል መመለስ ያስፈልጋል። በ1927 ማርጋሬት ቦአስ የተባለች ተመራማሪ ጥሬ የእንቁላል ነጭ ክፍል የተመገቡ አይጦች ፀጉራቸው እየረገፈ፣ ቆዳቸው እየቆሰለ እንደሚሄድ ለንደን ውስጥ መዘገበች። ፈዋሹ ነገር ቆይቶ ባዮቲን ተባለ። በ1936 ኮግልና ቶኒስ የተባሉ ኬሚስቶች ባዮቲንን ከእንቁላል አስኳል ለይተው አወጡ። ከ250 ኪሎ የደረቀ አስኳል ያገኙት 1 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ነበር።

ሰውነት ባዮቲንን ተጠቅሞ አይጥለውም። ባዮቲኒዴዝ ከሥራ የወጣውን ባዮቲን ከተጣበቀበት ፕሮቲን ፈልቅቆ ለዳግም አገልግሎት ይመልሰዋል፤ በምግብ ውስጥ ታስሮ የሚመጣውንም ይፈታል። ኢንዛይሙ ከሌለ ሕፃኑ ጡት እየጠባም፣ እየበላም ባዮቲን ይነጥፍበታል።

ያኔ በባዮቲን የሚሠሩ አምስት ኢንዛይሞች ይደክማሉ። ከእነርሱ አንዱ ሉሲን የተባለውን አሚኖ አሲድ በመሰባበር ሥራ ላይ የተሰማራ ነው። ሥራው ሲቋረጥ በግማሽ የቀረው ነገር በሌላ መንገድ ዞሮ 3-ሃይድሮክሲ አይሶቫለሪክ አሲድ ይሆናል። ይህ አሲድ በሽንት ይወጣል፤ ከፊሉም ካርኒቲን ከሚባለው ንጥረ ነገር ጋር ተጣብቆ በደም ውስጥ ይገኛል። ሐኪም የሚፈልገው ምልክት ይህ ነው። ሌላው ኢንዛይም ሲደክም ደግሞ ላክቲክ አሲድ ይከማቻል፤ የደሙ አሲድነት ይጨምራል፤ ከሁሉ በላይ የሚጎዳውም አንጎል ነው። ሕፃኑ ያንቀጠቅጠዋል፣ ጡንቻው ይልላል፣ ፀጉሩ ይረግፋል፣ ቆዳው ይቆስላል። ካልታከመ የመስማትና የማየት ነርቮቹ ይጎዳሉ፤ ሊሞትም ይችላል።

የበሽታውን ሥር በ1983 ይፋ ያደረጉት አሜሪካዊው ሐኪም ባሪ ዎልፍና ባልደረቦቻቸው ናቸው። በተወለደ ሰሞን አሲዱ ላይታይ ስለሚችል የእነርሱ ምርመራ ኢንዛይሙን ራሱን ፈለገ። የደረቀው ደም ከኬሚካል ጋር ሲገናኝ ሐምራዊ ከሆነ ኢንዛይሙ አለ፤ ካልቀላ ግን ልጁ አደጋ ላይ ነው። በ1984 የቨርጂኒያ ግዛት የሕፃናቱን ደም በዚህ መንገድ መመርመር ጀመረች።

መድኃኒቱስ? በየቀኑ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም ባዮቲን፣ ዕድሜ ልክ። በ1936 ለዚያች የአንድ ቀን 5 ሚሊ ግራም ከአንድ ቶን በላይ አስኳል ባስፈለገ ነበር። ዛሬ ግን በፋብሪካ የሚመረት ርካሽ ቫይታሚን ነው። ምልክቱ ሳይጀምር የወሰደ ልጅ እንደ እኩዮቹ ያድጋል። ዘግይቶ የጀመረ ልጅ ግን ቆዳውና ፀጉሩ ቢያገግምም፣ የጠፋው መስማት አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ማለት እንዲህ ላለው ነው።

በሽታው የሚወረሰው ከሁለቱም ወላጆች ነው። እናትና አባት ጤነኞች ናቸው፤ እያንዳንዳቸው አንድ የተበላሸ ቅጂ ሳያውቁት ይዘዋል። ጣትን በዘመድ ጋብቻ ላይ መቀሰር ይቀናል። ነገር ግን የሰሜን ሶማሌ አርብቶ አደሮችን ያጠናው አንትሮፖሎጂስት አይ ኤም ሉዊስ፣ እነዚህ ሰዎች ከቅርብ የጎሳ ወገን መጋባትን እንደሚሸሹ በ1961 መጽሐፉ ጽፏል። ከአንድ የጥንት ቅድመ አያት የተነሳ ለውጥ በትውልድ ብዛት ሰፊ ሕዝብ ውስጥ ሊሰራጭ ይችላል። ነውር የለበትም፤ ጥፋተኛም የለውም።

የ1897ቱ የእንግሊዝና የኢትዮጵያ ውል በሀውድ ግጦሽ ላይ ድንበር ሲያሰምር የመንጋውን መንገድ ቆረጠ እንጂ ዝምድናን አልቆረጠም። ሀርሺን፣ ሀርጌሳና ሚኒያፖሊስ ውስጥ የአንድ አያት ልጆች አሉ። ልዩነቱ እዚያ የተወለደው ተረከዙ ይወጋል፤ እዚህ የተወለደው አይወጋም። ኢትዮጵያ ሁሉንም አራስ ለእንዲህ ያሉ የውርስ በሽታዎች የሚመረምር ብሔራዊ ፕሮግራም የላትም። ሀርሺን ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ ቢወለድ የቆዳውና የፀጉሩ ነገር በምግብ እጥረት፣ መንቀጥቀጡ በማጅራት ገትር ሊመዘገብ ይችላል። አልሚ ምግብ ይሰጠዋል፤ የጎደለው ኢንዛይም ግን በአልሚ ምግብ አይተካም።

መንገዱ ፈጽሞ አልተዘጋም። የደረቀ ደም በወረቀት መላክ ለአገሪቱ ባዕድ አይደለም፤ ኤች አይ ቪ ካለባቸው እናቶች የተወለዱ ሕፃናት ሲመረመሩ የኖሩት በዚሁ ዘዴ ነው። ጅግጅጋም ሪፈራል ሆስፒታልና የሕክምና ትምህርት ቤት አላት። ብሔራዊ ምርመራ ገንዘብና ዓመታት ይጠይቃል። መንቀጥቀጥ፣ የቆዳ ቁስልና የፀጉር መርገፍ አንድ ላይ የታዩበትን ልጅ ባዮቲን አስጀምሮ ማየት ግን ዓመታት አይጠይቅም። ለዚህ የሚያስፈልገው ቫይታሚኑ በመድኃኒት መደርደሪያው ላይ መኖሩና የጤና ባለሙያው የበሽታውን ስም መስማቱ ነው።

ድርቅ ስንት ሕፃን እንደጎዳ በየዓመቱ ይቆጠራል። በድርቅ ስም የተቆጠሩት ውስጥ በቫይታሚን ሊድኑ የሚችሉ ስንት እንደነበሩ የሚጠይቀው ማን ነው?