ዕድሜ ልክ የተሰጠው ሕፃን

እኛ አገር «ዕድሜ ልክ» የሚለውን ቃል በብዛት የምንሰማው ከፍርድ ቤት ዜና ነው። ስለዚህ አሜሪካ ውስጥ ዓመት ያልሞላው ሕፃን «ዕድሜ ልክ» ይሰጠዋል ስንላችሁ እንዳትደነግጡ። እስራት አይደለም፤ የአደንና የዓሣ ማጥመድ ፈቃድ ነው! ጥርስ ያላበቀለ ልጅ በየትኛው እጁ ጠመንጃ ሊይዝ ነው ብለን እኛም ስቀን ነበር። ታሪኩን ስናገላብጥ ግን ሳቃችን ቀረ።

ነገሩ የሚጀምረው ከጥፋት ነው። በሰሜን አሜሪካ ተጓዥ እርግብ የሚባል፣ በቢሊዮን የሚቆጠር ወፍ ነበር። ለገበያ እየታደነ በባቡር ተጫነ፣ የሚኖርበት ደንም ተመነጠረ። የመጨረሻዋ ማርታ እ.ኤ.አ. በ1914 በሲንሲናቲ መካነ እንስሳት ሞተች። አለቀ!

ከዚያ በኋላ ጥያቄው «የቀሩትን ለመጠበቅ ማን ይክፈል?» የሚል ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1937 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የፈረሙት፣ በአቅራቢዎቹ ስም ፒትማን-ሮበርትሰን የሚባለው ሕግ መልስ ሰጠ። በጠመንጃና በጥይት ላይ የሚጣለው ግብር ለዱር እንስሳት ጥበቃ እንዲውል ወሰነ። ክፍፍሉም ግማሹ በግዛቱ የቆዳ ስፋት፣ ግማሹ ከፍለው ፈቃድ ባወጡ አዳኞች ቁጥር ሆነ። ቅድመ ሁኔታም አለው፦ ግዛቱ የፈቃዱን ገንዘብ ለመንገድ ወይም ለሌላ ጉዳይ ማዋል አይችልም። እ.ኤ.አ. በ1950 ለዓሣም ተመሳሳይ ሕግ ወጣ። አጋዘንና የዱር ተርኪ ዳግም የበዙት በአብዛኛው በዚህ ገንዘብ ነው። እንስሳ ሲገደል ማየት የማንወድ እኛም ብንሆን ይህን መካድ አንችልም።

የአዛውንቶቹ ቅናሽ ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው። በርካታ ግዛቶች ለአረጋውያን የዕድሜ ልክ ፈቃድ በርካሽ ይሸጣሉ። «ለሽማግሌ በነጻ ቢሰጡት ምን ነበረበት?» ትሉ ይሆናል። በነጻ የሚሰጡም አሉ። ነገር ግን የፌዴራሉ መንግሥት ሲያካፍል የሚቆጥረው የከፈለውን ሰው ነው፤ በነጻ የወሰደው ከቁጥር አይገባም። ስለዚህ ሽማግሌው የሚከፍሉት ጥቂት ገንዘብ ራሳቸውን ያስቆጥራል፤ ለግዛታቸውም ድርሻ ያመጣል። ቅናሹ ክብር ነው፣ ክፍያው ደግሞ ብልሃት።

የሕፃናቱ ይበልጥ ይገርማል። ኖርዝ ካሮላይና እ.ኤ.አ. በ1981 የዱር እንስሳት ቋሚ ፈንድ አቋቋመች። የዕድሜ ልክ ፈቃድ ሽያጭ እዚያ ይገባል፤ ዋናው ገንዘብ አይነካም፣ ሥራ ላይ የሚውለው ትርፉ ብቻ ነው። ዓመት ያልሞላው ልጅ በትንሹ፣ ከ1 እስከ 11 ዓመት ያለው ከፍ ባለ ዋጋ፣ ጎልማሳው ከዚያም በላይ ይገዛል። ከልጆቹ ፈቃድ የሚገኘው ትርፍ ደግሞ ልጁ 16 ዓመት እስኪሞላው ድረስ ይቆያል። አያት ለልጅ ልጃቸው ስጦታ ሲገዙ ገንዘቡም ከሕፃኑ ጋር አብሮ ያድጋል ማለት ነው።

እዳ ግን አለው። አንዴ የከፈለ ሰው ዳግመኛ አይከፍልም፤ ግዛቱ ግን እሱ በሕይወት እስካለ ድረስ ወንዙንና ጫካውን መጠበቅ አለበት። ኖርዝ ካሮላይና ራሷ የአረጋውያኑን መነሻ ዕድሜ ከ65 ወደ 70 ከፍ አድርጋለች። ቅናሽ ሲበዛ የሚከፍል ይጠፋል፣ ቅናሽ ሲጠፋ ደግሞ አዲስ ሰው አይመጣም። ሚዛኑ ከባድ ነው።

ያም ሆኖ እኛ የወደድነው ቃል ኪዳኑን ነው። ለሕፃን የዓሣ ፈቃድ የሸጠ መንግሥት «ስታድግ ዓሣ ይኖራል» ብሎ ፈርሟል። በማርታ ዘመን ለተወለዱ ሕፃናት ተጓዥ እርግብ የማደን ፈቃድ ተሸጦላቸው ቢሆን ኖሮ፣ ሲያድጉ በእጃቸው የሚቀረው ወረቀቱ ብቻ ነበር።