የፍልስፍና ጥናቶችን በበይነ መረብ በነጻ ማግኘትና ማሳተም

ክፍት ተደራሽነት የምሁራን የጥናት ውጤት በበይነ መረብ ለማንኛውም አንባቢ ያለ ክፍያ የሚቀርብበት አሠራር ነው። በፍልስፍና ዘርፍ ጉዳዩ የተለየ ክብደት አለው። የፍልስፍና ተመራማሪ ቤተ ሙከራ አያሻውም፤ የሥራው ጥሬ ዕቃ ሌሎች የጻፉት ጽሑፍ ነው። ጽሑፉ በክፍያ ከተዘጋበት ምርምሩም ከዚያው ይቆማል።

በነጻ የሚነበቡ ምንጮች ጥቂት አይደሉም። የስታንፎርድ የፍልስፍና ኢንሳይክሎፒዲያ ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ በዘርፉ ባለሙያዎች የተጻፉና በየጊዜው የሚታደሱ መጣጥፎችን ያቀርባል፤ አንድን ርዕስ ገና ለሚጀምር ሰው የተሻለ መነሻ ማግኘት ያዳግታል። በእ.ኤ.አ. 2001 በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ፊሎሶፈርስ ኢምፕሪንት የተሰኘው መጽሔት በአቻ ምሁራን የተገመገሙ ጥናቶችን ያወጣል። ፊልአርካይቭ ደግሞ ደራሲዎች ራሳቸው ያስቀመጧቸውን ጽሑፎች ይይዛል። በዚህ ማከማቻ ያልተገመገሙ ረቂቆችም ስለሚገኙ፣ ተማሪዎች ጽሑፉን በመመረቂያ ሥራቸው ከመጥቀሳቸው በፊት የትኛው ቅጂ እንደሆነ ሊያረጋግጡ ይገባል።

ለኢትዮጵያውያን አንባቢዎች ቅርብ የሆነው ምሳሌ የሐተታ ዘርዐ ያዕቆብ ነው። የዚህና የሐተታ ወልደ ሕይወት አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም በእ.ኤ.አ. 2023 በደ ግሩይተር አሳታሚ ወጥቶ በነጻ ይነበባል። ሐተታውን የጻፈው ዘርዐ ያዕቆብ ነው ወይስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኢትዮጵያ የኖረው ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚለው ክርክር ከ100 ዓመት በላይ ዘልቋል። ክርክሩን በስማ በለው ከመቀበል ይልቅ ጽሑፉን ራሱን አንብቦ መመዘን አሁን ለብዙዎች ተችሏል።

በአገር ውስጥ፣ በወቅቱ የነበረው የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር በመስከረም 2012 ዓ.ም. ሥራ ላይ ያዋለው ብሔራዊ የክፍት ተደራሽነት ፖሊሲ በመንግሥት ገንዘብ የተሠሩ የዩኒቨርሲቲ ጥናቶች በብሔራዊው የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ እንዲቀመጡ ይጠይቃል። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዲጂታል ማከማቻም የፍልስፍና መመረቂያ ጽሑፎችን ይዟል።

ጥናታቸውን ማስቀመጥ የሚፈልጉ ደራሲዎች በቅድሚያ ከአሳታሚው ጋር የፈረሙትን ውል ሊመለከቱ ይገባል። ብዙ አሳታሚዎች በመጽሔቱ ቅርጽ የተዘጋጀውን ቅጂ ከልክለው፣ ተገምግሞ ተቀባይነት ያገኘውን የደራሲውን የመጨረሻ ረቂቅ ይፈቅዳሉ፤ አንዳንዶች የመቆያ ጊዜ ያስቀምጣሉ። በነጻ የተለቀቀ ጽሑፍም ቢሆን በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የተጠበቀ ስለሆነ፣ ከእርሱ የሚጠቅስ ሰው የደራሲውን ስምና ምንጩን መግለጽ አለበት።

ክፍት ተደራሽነትን ሽፋን አድርገው፣ ያለ በቂ ግምገማ በጥቂት ቀናት ለማተም ቃል ገብተው ገንዘብ የሚጠይቁ መጽሔቶችም አሉ። ክፍያ ከመፈጸም በፊት የአርታኢዎቹን ማንነትና የቀደሙ እትሞችን ይዘት ማየት፣ ከተቻለም የትምህርት ክፍሉን መምህራን ማማከር ያስፈልጋል።