ከጣሳ የተሠራች መኪና፦ የጎጃም መንገድ ያልተጻፈ ታሪክ

ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና የሚሠራ ሰው ሞልቷል። ዕድሜው ግን ብዙውን ጊዜ ከ12 ዓመት አይበልጥም።

ከደጀን እስከ ደብረ ማርቆስ፣ ከደምበጫ እስከ ቡሬ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዳር ላደገ ሰው ይህ አዲስ ነገር አይደለም። የዘይት ጣሳ ተቀዶ ጋቢና ይሆናል። ሽቦ ታጥፎ ሻንሲ ይወጣዋል። ያለቀ ነጠላ ጫማ በክብ ተቆርጦ ጎማ ይሆናል፤ የለስላሳ ቆርኪ ደግሞ ቸርኬ። ከፊት ጎማዎቹ ጋር የታሰረ ረጅም ዘንግ እስከ ልጁ ደረት ይደርስና ጫፉ ላይ የሽቦ መሪ ይገጠምለታል። ልጁ ከኋላ እየሮጠ መሪውን ወደ ቀኝ ሲያዞር የፊት ጎማዎቹም ወደ ቀኝ ይዞራሉ። ጣሳና ሽቦ ያላገኘ ከበቆሎ አገዳ ይሠራል፤ አገዳም ከሌለ ከጭቃ።

ይህን «የልጅ ጨዋታ» ብሎ ማለፍ ቀላል ነው። ነገር ግን እጁን ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ጉዳዩ ሌላ ነው። ልጁ ጣሳውን ከቆረጠ በኋላ ጠርዙን ወደ ውስጥ ያጥፈዋል። ምክንያቱ እጁን እንዳይቆርጠው ነው። በዚያው ግን ስስ የነበረው ቆርቆሮ ይጠነክራል። ፋብሪካ ውስጥ የመኪና በር ጠርዝ የሚታጠፈውም በዚሁ ምክንያት ነው። የፊት ጎማ ሲዞር አካሉን እንዳይነካ ስንት ጣት ክፍተት መተው እንዳለበት፣ ጭነት ሲበዛ ሽቦው የት ላይ እንደሚጎብጥ ማንም አላስተማረውም። ሠርቶ፣ ተሰብሮበት፣ እንደገና ሠርቶ ነው ያወቀው።

በሌላው ዓለም ይህ ሥራ ስም፣ ገበያና ሙዚየም አለው። እውነተኛን መኪና በተወሰነ ልክ አሳንሶ መሥራት ይባላል። አንድ ለ24 በሚባለው ልክ 12 ሜትር የሚረዝም አውቶብስ 50 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። አንድ ለ43 በሚባለው ደግሞ ወደ 28 ሳንቲ ሜትር ይወርዳል። አሜሪካዊው ወይም ጃፓናዊው የዚህ ሥራ ወዳጅ ክፍሎቹ ተቀርጸው ያለቁበትን ካርቶን ገዝቶ፣ በሥዕሉ መሠረት አጣብቆ፣ ቀለም ቀብቶ ያስቀምጠዋል። ከእነሱም መካከል የበለጠ የሚከበረው ካርቶን ሳይገዛ እያንዳንዱን ክፍል ከባዶ የሚሠራው ነው። በዚህ ሚዛን ከሄድን፣ የጎጃሙ ልጅ ሳያውቀው ከፍተኛው ማዕረግ ላይ ተቀምጧል። የሚለካው በሜትር ሳይሆን በዓይኑ መሆኑ ብቻ ነው ልዩነቱ።

ልጅ የሚሠራው ደግሞ ያየውን ነው። ስለዚህ የጎጃም የጣሳ መኪና ታሪክ የጎጃም መንገድ ታሪክ ነው።

መንቆረር ይባል የነበረው ከተማ ደብረ ማርቆስ ከተባለና ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ከነገሡበት በኋላ ለብዙ ዘመን ጎጃምና ሸዋን የሚለየው የአባይ በረሃ የሚሻገሩት በእግርና በበቅሎ ነበር። የንጉሡ ልጅ ራስ ኃይሉ በ1916 ዓ.ም. ከአልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ ጋር አውሮፓን ሲጎበኙ በመኪና የተጨናነቁ ከተሞችን አይተዋል። ወደ ግዛታቸው ሲመለሱ የጠበቃቸው ግን ያው ገደል ነው። በዚያ ዘመን የነበረ የማርቆስ ልጅ መጫወቻ ቢሠራ የሚሠራው ፈረስ ነው፤ መኪና በደጁ አያልፍምና።

መኪና በብዛት የመጣው ከወራሪ ጋር ነው። ጣልያን መንገድ የሠራው ለገበሬው እህል አስቦ አይደለም፤ ወታደርና መድፍ ለማመላለስ ነው። በላይ ዘለቀን የመሰሉ አርበኞች በሸመቁበት አገር መንገድ ማለት ራሱ የጦር መሣሪያ ነበር። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከሱዳን ተነስተው በኦሜድላ ሲገቡ ግን አብሯቸው የነበረው ጦር ስንቁን የጫነው በብዛት በግመል ነበር። በሺህ የሚቆጠሩት ግመሎች ወደ ደጋው ሲወጡ አለቁ። ጃንሆይ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ፤ ሚያዝያ 27 ቀን ደግሞ አዲስ አበባ ገቡ። በግመል የተጀመረው ጉዞ ያለቀው በመኪና ነው። የጎጃም የመንገድ ታሪክ በዚያ አንድ በልግ ውስጥ ተጠቃሎ ይታያል።

በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ መንገዱ የጦር መሆኑ ቀርቶ የጤፍ፣ የቅቤና የተማሪ ሆነ። ኤን ትሬ የሚባለው የፊያት የጭነት መኪና የአባይን ዳገት እያቃሰተ ሲወጣ ያየ ልጅ ኤን ትሬ ሠራ። አፍንጫው ጠፍጣፋ፣ ተሳቢው ረጅም። በኋላ ኢሱዙ መጣ፤ የጣሳው ጋቢና ቅርጹን ለወጠ። ባጃጅ ሲመጣ አንድ ጎማ ቀነሰ። ጳጉሜ 5 ቀን 2000 ዓ.ም. በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው የ303 ሜትሩ የሕዳሴ ድልድይ ከአሮጌው ድልድይ አጠገብ ሲመረቅ፣ ከአባይ ማዶ ለማዶ የሚመላለሰው መኪና ዓይነት ይበልጥ በዛ። አንድ ሰው እነዚህን መጫወቻዎች ከየዘመኑ አንድ አንድ እያነሳ ቢያስቀምጥ ኖሮ ዛሬ ማርቆስ ላይ ግሩም ሙዚየም ይኖር ነበር። ማንም አላስቀመጠም። ዝናብ አዛጋቸው፤ ከቆሻሻ ጋር ተጣሉ።

የቀረው ቃሉ ነው። መኪና፣ ጎማ፣ ቸርኬ፣ ጋቢና፣ ባሌስትራ፣ ፍሬን፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሽ፣ ላሜራ፣ ፒንሳ፣ ካቻቢቴ። ሁሉም ከጣልያንኛ የመጡ ናቸው። ጣልያን አገሪቱን የያዘው 5 ዓመት ነው፤ የጋራዡን ቋንቋ ግን እስከ ዛሬ እንደያዘ ነው። በሕይወቱ ጣልያናዊ አይቶ የማያውቅ የጎዛምን ልጅ የሽቦ መኪናውን ሲያስተዋውቅ በእነዚህ ቃላት ነው። «መሪ» እና «ተሳቢ» ግን የራሳችን ናቸው። ቃል የሚወለደው ነገሩን የሚሠራና የሚጠግን ሰው አፍ ላይ ነው። ሠሪው ሲከበርና ሲበዛ ቃሉም ይበዛል።

የክብሩ ነገር ግን ከመኪናው ጋር እኩል ዕድሜ ያለው ጥያቄ ነው። የመጀመሪያዋ መኪና አዲስ አበባ የገባችው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሌይ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ በረሃውን አቋርጦ ያመጣት ሲድሊ የምትባል የእንግሊዝ ሥሪት ነበረች፤ ለአፄ ምኒልክም ቀረበች። በዚያው በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ሌላ ነገር አደረጉ። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን በሙያው የሚሰድብ ሰው እንደሚቀጣ አዋጅ አስነገሩ። ሁለቱ ነገሮች በአንድ ዓመት መምጣታቸው የአጋጣሚ ጉዳይ ይሆናል፤ ትርጉማቸው ግን አይለያይም። ባለ እጅን የሚንቅ አገር መኪና ሊገዛ ይችላል፤ ሊሠራ ግን አይችልም። መኪናዋ በቤተ መንግሥት ግቢ ውስጥ በቀላሉ ተነዳች። አዋጁ ግን እስከ ዛሬ ዳገቱን አልጨረሰም።

ለዚህ የነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ታሪክ ጥሩ ምስክር ነው። ተሰማ በምኒልክ ዘመን ወደ ጀርመን የተላኩት የመኪናን ነገር እንዲማሩ ነበር። እዚያው ሳሉ ድምፃቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ዛሬ ስማቸው ሲነሳ የሚታወሰው የመጀመሪያው የአማርኛ ዘፈን ሸክላ ነው። ሞተር ፈትተው የገጠሙበትን እጅ ያስታወሰ የለም። ዘፈናቸው መታወሱ ተገቢ ነው። ሙያቸው መረሳቱ ግን ስለ እኛ ይናገራል።

ጎጃም ደግሞ ቃልን ማክበር የሚያውቅ አገር ነው። ለቅኔ ዋሸራ አለ፣ ጎንጅ አለ፣ ለመጻሕፍት ዲማ አለ። የቆሎ ተማሪ እየለመነ ይማራል፤ ማኅበረሰቡም ቁራሽ እየሰጠ ያስተምረዋል። ቅኔ የዘረፈ ልጅ በጉባኤ መካከል ይመሰገናል፤ የተሳሳተም ይታረማል። ይህ ሥርዓት ለዘመናት ሊቅ ያፈራው ልጁ ከሌላው ቦታ ልጅ ይልቅ ብልህ ስለሆነ አይደለም። መምህር፣ ጉባኤና ሙገሳ ስለነበረው ነው። በእጁ የሚፈላሰፈው ልጅ ግን ጉባኤ የለውም። የጣሳ መኪና ይዞ ቤት ሲገባ የሚሰማው «ያን ቆሻሻ ጣልና ደብተርህን ያዝ» የሚል ነው። እናት አባትም አይፈረድባቸውም፤ ከዚያ ጣሳ ወደ እንጀራ የሚወስድ መንገድ አላዩምና።

ሌሎች አገሮች መንገዱን ሠርተውለታል። በእንግሊዝ አገር ጃክ ኦዴል የተባለ ባለሙያ ለሴት ልጁ ትንሽ የመንገድ መዳመጫ መኪና ሠራላት። ትምህርት ቤቷ የክብሪት ቤት ውስጥ የማይገባ መጫወቻ ይዞ መምጣት ስለሚከለክል መጠኗን በክብሪት ቤት ልክ አደረጋት። ከዚያች መጫወቻ በ1953 እ.ኤ.አ. ማችቦክስ የሚባለው ዓለም ያወቀው የትንንሽ መኪና ፋብሪካ ምርት ተወለደ። አባት የልጅን ጨዋታ ከቁም ነገር ስለቆጠረው ኢንዱስትሪ ሆነ።

የአሜሪካው ምሳሌ ደግሞ ይበልጥ ለእኛ ይቀርባል። ጄኔራል ሞተርስ ፊሸር ቦዲ በተባለው ክፍሉ አማካኝነት ከ1930 እስከ 1968 እ.ኤ.አ. ለወጣቶች ውድድር ያካሂድ ነበር። መጀመሪያ የሠረገላ፣ በኋላ የመኪና ሞዴል በገዛ እጁ አሳምሮ የሠራ ወጣት የሚሸለመው የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ወጪ ነበር። ውድድሩ የተጀመረው በታላቁ የኢኮኖሚ ድቀት ጊዜ፣ አባቶች ሥራ ባጡበት ወቅት መሆኑን ልብ ይሏል። በ1947 ካሸነፉት አንዱ ቻክ ጆርዳን የሚባል ወጣት ነበር። ይህ ሰው በኋላ የዚያው ኩባንያ የዲዛይን ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነ። ኩባንያው የፈለገው መጫወቻ ሳይሆን ሰው ነበር። ሰውን ደግሞ በመጫወቻው አገኘው።

ኢትዮጵያም መኪና ለመሥራት ያልሞከረች አገር አይደለችም። አምቼ ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ የጭነት መኪና ገጣጥሟል። ሆላንድ ካር ሞጆ ላይ ይገጣጥማቸው ከነበሩት መኪኖች አንዷን «አባይ» ብሎ ሰይሟት ነበር። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አዳዲስ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ አሁን ስለ ኤሌክትሪክ መኪና መገጣጠሚያ ብዙ ይወራል። በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ግን ተደጋግሞ የሚታይ ክፍተት አለ። ክፍሉ ከውጭ ይመጣል፤ እኛ እናስራለን። በሌላ አነጋገር ከካርቶን አውጥቶ እንደሚያጣብቀው ሰው ነን። ከባዶ የሚሠራው ልጅ ከፋብሪካው በር ውጭ ቆሟል።

አሁን ደግሞ ሌላ ጣጣ ተጨምሯል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል በቀጠለው ግጭት የጎጃም መንገዶች ደጋግመው ተዘግተዋል፤ በርካታ ትምህርት ቤቶችም ሥራ አቁመዋል። መንገድ ሲዘጋ የሚጎዳው ነጋዴና በሽተኛ ብቻ አይደለም። ልጅ የሚሠራው ያየውን ነው ብለናል። አውቶብስ ያላለፈበት፣ የጤፍ ጭነት ያልታየበት፣ የታጠቀ ብቻ የሚመላለስበት ጎዳና ዳር ለሚያድግ ልጅ የሚተርፈው ምሳሌ ምን እንደሆነ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ከጣልያን መንገድ ወደ ጤፍና ተማሪ መንገድ ለመሸጋገር የፈጀውን ዘመን ወደ ኋላ መመለስ በጥቂት ዓመታት ይቻላል።

መፍትሔው ሰላሙን ይጠይቃል፤ ያለ እሱ ሌላው ሁሉ ወግ ነው። ከሰላሙ ጎን ለጎን ግን ብዙ ብር የማይጠይቅ ሥራ አለ። ዩኒቨርሲቲዎች የሳይንስና የቴክኖሎጂ ማዕከል ለታዳጊዎች እየከፈቱ ነው። እዚያ የሚገባው ግን በፈተና ውጤቱ የተመረጠ የከተማ ተማሪ እንዳይሆን መጠንቀቅ ይበጃል። የየወረዳው ትምህርት ቤት በዓመት አንድ ቀን ልጆች የሠሩትን የጣሳ፣ የሽቦና የአገዳ መኪና ይዘው እንዲመጡ ቢፈቅድ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ መምህር ቢዳኝ፣ ለአሸናፊው አንድ ፒንሳና አንድ የላሜራ መቀስ ቢሸለም ወጪው ከአንድ ስብሰባ አበል ያንሳል። ከየዘመኑ የተረፉ ካሉም ተሰብስበው ደብረ ማርቆስ ላይ መደርደሪያ ሊያገኙ ይገባል፤ የመንገዱን ታሪክ ከእነሱ የተሻለ የሚናገር የለም።

ከሁሉም የሚቀለው ግን ገንዘብም ስብሰባም አይጠይቅም። ጣሳ የያዘውን ልጅ «ይሄን ጣል» ከማለት በፊት «ይቺ መሪ እንዴት ነው ጎማውን የምታዞረው?» ብሎ መጠየቅ ነው። መልሱን ለመስማት ቁጭ ማለት ይገባል፤ ልጁ ማስረዳት ከጀመረ ቶሎ አያቆምም።