በቤት ዶሮ ዕንቁላል ውስጥ ስለሚገኝ ደም
በአርሲ ደጋ፣ ከአሰላ በስተሰሜን ምሥራቅ በምትገኘው በሲሬ፣ እንደ ሌላውም የአገራችን ገጠር ሁሉ፣ ዶሮ በአብዛኛው የሴቶች ሀብት ናት፤ የዕንቁላሉም ዋጋ ለጨውና ለቡና ይሆናል። የአገር ዶሮ በዓመት የምትጥለው ከ40 እስከ 60 ገደማ ብቻ ስለ ሆነ፣ ሲሰበር ደም የተገኘበት አንድ ዕንቁላል ቀላል ኪሣራ አይደለም። ሻጪቱም የታቀፈ ሸጠች ተብላ ልትታማ ትችላለች። ሐሜቱ እውነት መሆኑን ለመመርመር፣ ደሙ ሁለት ዓይነት መሆኑን፣ ሁለቱም በታሪክ ሲምታቱ መኖራቸውን መገንዘብ ያስፈልጋል።

አንደኛው የጫጩት ደም ነው። አሪስጣጣሊስ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው መቶ ዓመት ስለ እንስሳት ታሪክ በጻፈው መጽሐፍ፣ በታቀፈ ዕንቁላል ውስጥ ከሦስት ቀን በኋላ ልብ እንደ ደም ነጥብ ሆኖ ሲመታ እንደሚታይ ገልጿል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሃርቬይ እ.ኤ.አ. በ1651፣ ጣሊያናዊው ማልፒጊም በአጉሊ መነጽር እየተረዳ በ1673 ይህንኑ ነገር አስፍተው ጻፉ። ሊቃውንቱ የመረመሩት ግን የታቀፈውን ዕንቁላል ነው፤ ሴቶቻችንን የሚያሳማው ብዙውን ጊዜ ሌላው ነው።

ሁለተኛው ደም ከጫጩት ጋር ግንኙነት የለውም። አስኳሉ በዶሮዋ ሆድ ከታቀፈበት ስስ ሽፋን ወጥቶ ሲወርድ፣ በሽፋኑ ላይ ያለ ቀጭን የደም ሥር ቢበጠስ ጠብታው ከአስኳሉ ጋር ይጣበቃል። አውራ ዶሮ ያላየች ቄብ እንኳ እንዲህ ያለ ዕንቁላል ልትጥል ትችላለች። የዘር ጠባይና የቫይታሚን ኤ ጉድለት ነገሩን ያበዙታል። ቡናማ መልክ ያለው ሥጋ መሰል ቁራጭም አንዳንዴ የሚገኘው ከዕንቁላሉ መውረጃ ቱቦ ተልጦ ነው። ዕንቁላሉ ሲቆይ አስኳሉ ከነጩ ውኃ ስለሚስብ ነጥቡ ይደበዝዛል፤ እንግዲህ ደማቅ ነጥብ ያለበት ያረጀ ሳይሆን ትኩስ ነው ማለት ነው!

ታዲያ በከተማ ሱቅ የማይታየው በቤት ዕንቁላል ለምን ይታያል? በትልልቅ እርባታዎች ዕንቁላል ሁሉ በብርሃን ፊት እያለፈ ነጥብ ያለበት ይወገዳል፤ ቡናማ ቅርፊት ያለው ብቻ ብርሃን አላሳልፍ እያለ ያስቸግራል። በገበያችን ግን ገዢው ዕንቁላሉን ከጆሮው አስጠግቶ ይነቀንቃል፣ ወደ ፀሐይም ያነሣል። ይህ የላመውን ከጽኑው ይለያል፤ ትንሽ ነጥብን አያሳይም። ለዶሮ ወጥ የሚሆነውም ከነቅርፊቱ ስለሚቀቀል ምሥጢሩ እስኪቆረስ ድረስ ተሰውሮ ይቆያል።

ሆኖም ሐሜቱ ሁልጊዜ መሠረተ ቢስ አይደለም። ዶሮዋ ወደ ጎጆዋ እንድትመለስ አንድ ዕንቁላል መተው የተለመደ ነው፤ በዚያ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ከተቀመጠችበት በኋላ ከሌሎቹ ጋር ለገበያ ሊወጣ ይችላል። መለያው ይህ ነው፦ የጫጩቱ ደም ከመካከል ተነሥቶ እንደ መረብ በቀይ ክር ይዘረጋል፤ የተበጠሰው ሥር ጠብታ ግን ብቻውን ይቀመጣል። በጨለማ ቤት በኩራዝ ወይም በእጅ ባትሪ ቢታይ መረቡ ይለያል።

ሰው በዶሮ ላይ ፍርድ ሲሰጥ ይህ የመጀመሪያው አይደለም፤ በስዊስ አገር በባዝል ከተማ እ.ኤ.አ. በ1474 አንድ አውራ ዶሮ ዕንቁላል ጣለ ተብሎ በፍርድ ተቃጥሏል። የአይሁድ ሊቃውንት ግን ከዚያ ብዙ ዘመን አስቀድመው፣ በተልሙድ ሑሊን በተባለው ክፍል፣ ደሙ በዕንቁላሉ ውስጥ የት ላይ እንደ ተገኘ እየጠየቁ ተከራክረዋል።