ሀሁን ስናዜም የጣልነው አቡጊዳ

ከ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወዲህ ስለ አንደኛ ደረጃ የቋንቋ ትምህርት ያደረግነው ክርክር ከሞላ ጎደል በአንድ ጥያቄ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ሕፃናት በየትኛው ቋንቋ ይማሩ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ጎራ ለይተን ብዙ ተሟግተንበታል። ማንበብን እንዴት ይማሩ የሚለው ግን የሚሟገትለት ፓርቲ አላገኘም።

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ እጩ መምህር ለመገምገም አንደኛ ክፍል ገብቼ ነበር። የዕለቱ የትምህርት ዕቅዱ እንከን አይወጣለትም፤ ርእስ፣ ዝርዝር ዓላማ፣ የመምህሩ ተግባር፣ የተማሪው ተግባር፣ ግምገማ፤ አርባው ደቂቃ ሳይቀር ተሸንሽኖ ተቀምጧል። ልጆቹም የ«ዘ»ን ረድፍ በአንድ ድምፅ አዜሙት። ክፍለ ጊዜው ሲያበቃ አንዲት ሕፃን ጠርቼ በግድግዳው ገበታ ላይ «ዞ»ን አመለከትኋት። ከረድፉ መነሻ ጀምራ ዘ፣ ዙ፣ ዚ እያለች ደረሰችበት። ያንኑ ፊደል በወረቀት ላይ ለብቻው ብጽፍላት ግን ዝም አለች። እጩ መምህሩን ጥሩ ውጤት ሰጠሁት፤ ቅጹ የሚጠይቀውን ሁሉ አሟልቷልና።

የሚያሳዝነው፣ የቤተ ክህነት ትምህርት ይህን ደዌ ከእኛ አስቀድሞ ማወቁ፣ መድኃኒትም ማበጀቱ ነው። ሀሁን ቆጥሮ የጨረሰ ልጅ ወደ አቡጊዳ ይሻገራል። ፊደላቱ እነዚያው ናቸው፤ ሰልፋቸው ግን ፈርሷል፦ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። እያንዳንዱ ከሌላ ቤተሰብ የመጣ ነው፤ ድምፁም ከግዕዝ ተነሥቶ በካዕብና በሣልስ አልፎ እስከ ሳብዕ ይወርዳል። ልጁ በሀሁ ዜማ ተጠግቶ ማምለጥ አይችልም፤ ፊደሉን በመልኩ መለየት ግድ ይሆንበታል። ቀጥሎ ፊደለ ሐዋርያ፣ ማለትም የመጀመሪያው የዮሐንስ መልእክት አለ፤ ንባቡም ግዕዝ፣ ውርድ፣ ቁም እየተባለ በደረጃ ያድግና ዳዊት ላይ ይደርሳል። ቅጽ የሌለው ዕቅድ ማለት ይህ ነው። ዱላውን፣ ከደጅ የቀሩትን ሴት ልጆች፣ ትርጉሙን ሳያውቅ ግዕዝ የሚያነበውን ሕፃን ረስቼ አይደለም የማወድሰው።

ዘመናዊው ትምህርት ቤት ከየኔታ የወረሰው ዜማውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1908 የተከፈተው የዳግማዊ ምኒልክ ትምህርት ቤት ትኩረቱ የውጭ ቋንቋዎች ነበሩ። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በሂደት በ15 ቋንቋዎች፣ ሁሉንም በግዕዝ ፊደል አስተማረ፤ ታላቅ ሥራ ነበር። እኔ በደርግ ዘመን አንደኛ ክፍል ስገባ ግን ፊደል የምንቆጥረው በመዝሙር ነበር፤ አቡጊዳን ያየሁት ዘግይቼ፣ ከቤታችን በነበረ የፊደል ገበታ ጀርባ ላይ ነው።

ውጤቱ በ2002 ዓ.ም. በቁጥር መጣ። በስድስት ቋንቋዎች በተካሄደ የንባብ ምዘና ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው ከቀረበላቸው ምንባብ አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። ከቋንቋዎቹ መካከል በግዕዝ ፊደል የሚጻፉም በላቲን የሚጻፉም ነበሩ፤ ስለዚህ የፊደል ምርጫውን ለመክሰስ የሚቸኩል ወዳጄ ቢታገሥ ይሻላል። ከዚያ በኋላ በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ አዳዲስ የአፍ መፍቻ ቋንቋ መጻሕፍትና መምህሩን ደረጃ በደረጃ የሚመሩ መምሪያዎች ተዘጋጁ። መልካም ነው፤ ግን የመምህሩ ሥራ ቅጽ ከመሙላት መምሪያ ወደ መከተል ተሻገረ እንጂ ያቺ ሕፃን ለምን ዝም እንዳለች የሚያስብበት ጊዜ አልተሰጠውም።

በመገምገሚያ ቅጻችን ላይ «ተማሪው ለብቻው የተጻፈን ፊደል ለየ ወይ?» የሚል መስመር ይጨመር ብዬ አመልክቼ ነበር፤ ለየትኛው ዓምድ እንደሚገባ ስላልታወቀ ሳይጨመር ቀረ። ስለዚህ አሁን በክፍሌ እጩ መምህራኑን አቡጊዳ አጽፋቸዋለሁ። አብዛኞቹ አይተውት አያውቁም። ባለፈው ዓመት ግን አንድ ዲያቆን ተማሪዬ ብድግ ብሎ ከዳር እስከ ዳር ወጣው፤ በቃሉ፣ ባማረ ዜማ። ሰሌዳው ላይ ከመካከሉ አንድ ፊደል ነጥዬ ጻፍኩለትና ክፍሉ ሁሉ ሳቀ፤ እሱም ሳቀ፤ ከዚያ ቃሉን ሳያዜም ነገረኝ።