ጠመንጃ በጥይቱ ሲመዘን

በጥር 1873 ዓ.ም. ራስ አዳል ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ተብለው ሲነግሡ ዐፄ ዮሐንስ የሰጧቸው ማዕረግ «ንጉሠ ጎጃም ወከፋ» የሚል ነበር። ከፋ ያን ጊዜ በእጃቸው አልገባችም፤ ማዕረጉ ግን የንጉሡ ዓይን የት እንዳረፈ ይናገራል። ከዐባይ ማዶ ቡና፣ ወርቅ፣ ዝባድና የዝሆን ጥርስ ይመጣል። ዕቃው ወንዙን ተሻግሮ ባሶ ገበያ ይወጣና በነጋዴ ቅፍለት ወደ ሰሜን፣ ከዚያም ወደ ባሕር ይጓዛል። ቅፍለቱ ሲመለስ ከሚያመጣው ሁሉ በጣም የሚፈለገው ጠመንጃ ነው። እንግዲህ ዝሆኑ ጠመንጃ ይገዛል፤ ጠመንጃው ደግሞ ሌላ ዝሆን ይጥላል። በ1874 ዓ.ም. ክረምቱ ሲገባ ንጉሡ እምባቦ ላይ ቆስለው በምኒልክ ጦር ሲማረኩ፣ ከእጃቸው የወጣው ይህ መንገድ ጭምር ነበር።

የጎጃም ጠመንጃ ታሪክ ብዙ ጊዜ በጀግና ስምና በፉከራ ይነገራል። ጥይቱን የሚከተል ሰው ግን ሌላ ታሪክ ያገኛል። የዱር አውሬ አዳኞች በየአገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከሩበት የኖሩት ጥያቄ፣ ማለትም ከባዱና ዘገምተኛው ጥይት ይሻላል ወይስ ቀጭኑና ፈጣኑ የሚለው፣ ብቸናና ሞጣም ደርሶ ነበር። እዚያ ፍርዱን የሰጠው የጥይቱ ምንጭ ነው።

ሁለቱም አውራጃዎች ደጋ ናቸው። ጤፍና ስንዴ የሚታረስበት ሜዳ ጫፉ ላይ ሲደርስ ይሰነጠቅና ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወደ ዐባይ ይወርዳል። በገደሉ ሰስና ነብር፣ በወንዙ ጉማሬና አዞ አለ። ዝሆንና ጎሽ የሚፈልግ ግን ወደ ምዕራቡ ቆላ መውረድ ወይም ወንዙን መሻገር ነበረበት። ድካሙ የሚከፈለው በክብር ነው፤ ዝሆን፣ አንበሳ፣ ጎሽና አውራሪስ የጣለ ሰው «ገዳይ» ይባላል፣ ራሱን ቅቤ ይቀባል፣ በግብር ላይ ቆሞ ይፎክራል። ከዝሆኑ ሁለት ጥርሶች አንዱን ለጌታው ያገባል። ጠመንጃ ከመብዛቱ በፊት ይህ ሁሉ የሚገኘው በጦርና በጎራዴ ነበር። ጀምስ ብሩስ በ18ኛው መቶ ዘመን፣ ሳሙኤል ቤከር ደግሞ በ1861 እ.ኤ.አ. በሰቲት ዳር ያዩዋቸው አዳኞች በፈረስ ተከትለው የዝሆኑን የኋላ እግር ጅማት በጎራዴ ይቆርጡ ነበር። ከዚያ በኋላ የመጣ የትኛውም ጥይት ያን ያህል ልብ አልጠየቀም።

በካርቶሽ የሚጎርስ ጠመንጃ አገሪቱ ውስጥ ሲተኮስ በጉልህ የታየው በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. አሮጌ ላይ ነው። የእንግሊዝ ወታደሮች በሰናድር የዐፄ ቴዎድሮስን ጦር ከመቅደላ በታች የመቱት ያን ዕለት ነው። ለጎጃም ገበሬ ግን ዘመኑን የለወጠው ውጅግራ ነው። የፈረንሳይ ጦር በ1874 እ.ኤ.አ. የተቀበለው ይህ ጠመንጃ በአንድ ጊዜ አንድ ብቻ ይጎርሳል። ጥይቱ 11 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው፣ 25 ግራም የሚመዝን እርሳስ ሲሆን አፈሙዙን ሲለቅ በሰከንድ 450 ሜትር ያህል ይበራል። ጉልበቱ ሲሰላ 2,500 ጁል ገደማ ይመጣል። ፈረንሳይ በ1886 እ.ኤ.አ. ለቤል የተባለውን ጭስ አልባ ጠመንጃ ስትታጠቅ፣ ትርፍ የሆነው ውጅግራ በኦቦክና በጅቡቲ በኩል በርካሽ ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ።

ውጅግራ ሁለት ነውሮች ነበሩት። አንደኛው እርሳሱ ልል መሆኑ ነው፤ ሥጋ ላይ ሰፊ ቁስል ይከፍታል፣ የዝሆን ጭንቅላት አጥንት ላይ ግን ተጨፍልቆ ይቀራል። ሁለተኛው ጭሱ ነው። ጥቁር ባሩድ አንዴ ሲተኮስ ከተኳሹ ፊት ነጭ ደመና ይተክላል። ነፋስ በሌለበት ቆላ አዳኙ የተኮሰበትን ጎሽ ለጥቂት ትንፋሽ ጊዜ አያየውም፤ ጎሹ ግን ጭሱን አይቶ ይመጣል። ሁለተኛ ጥይት ለማጉረስ ደግሞ ጊዜ ያስፈልጋል።

ነውሮቹን የሚያስረሳ አንድ በጎነት ግን ነበረው። የውጅግራ ቀለህ አይጣልም። ናሱ ወፍራም ስለሆነ ደጋግሞ ይሞላል፤ ጥቁር ባሩድ ደግሞ አገር ውስጥ የሚቀመም ነገር ነው። ከበረትና ከዋሻ አፈር ታጥቦ ከሚወጣው ጨው፣ ከዲንና ከከሰል ይሠራል። እርሳስ በሸክላ ይቀልጣል፣ በቅርጽ ይፈሳል። ከውጭ የግድ የሚያስፈልገው እሳቱን የምትለኩሰው ትንሿ ቆብ ናት። ይህ ጥይት ገበያ ላይ ከአሞሌ ጨውና ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን እንደ ዝርዝር ገንዘብ ያገለገለውም ያለ ምክንያት አይደለም። ዋጋው ይታወቃል፣ አይበላሽም፣ ማንም ይቀበለዋል። አሞሌስ በዝናብ ይሟሟል።

ጭስ አልባው ባሩድ ይህን ሁሉ ገለበጠው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ በ1884 እ.ኤ.አ. የሠራው አዲስ ባሩድ ከጥጥና ከአሲድ በፋብሪካ የሚወጣ ነው፤ በበረት አፈር አይተካም። ለቤል፣ ምንሽርና በኋላም ቤልጅግ ሲመጡ አዳኙ ጭሱን ተገላገለ፣ በተከታታይ መተኮስም ቻለ፤ የጥይቱ ጌታ ግን ሌላ ሰው ሆነ። ጥይት ከጅቡቲ ይነሣል፣ በአዲስ አበባ ያልፋል፣ ከዚያ ጎጃም ይደርሳል። ዐባይን የሚሻገረውን ጥይት የሚቆጣጠር የጎጃምን ጠመንጃ ይቆጣጠራል ማለት ነው። ይህ ለውጥ ከአድዋም ከእምባቦም ያነሰ የተወራለት ቢሆንም ለባላገሩ ነጻነት የነበረው ትርጉም የሚናቅ አይደለም።

ገበያተኛውን ያደናገረ ሌላም ነገር ነበር። የለቤል ጥይት 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የአውስትሪያው ምንሽርም 8 ሚሊ ሜትር ነው፤ የሁለቱም ቀለህ 50 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ሆኖም አንዱ ከሌላው ጠመንጃ አይገባም። ቤልጅግ የሚጎርሰው 7.92 ሚሊ ሜትር ደግሞ ከሁለቱም የተለየ ነው። ዝናሩን ሳይመረምር የገዛ ሰው ናስ ተሸክሞ ይመለሳል። በ1928 ዓ.ም. ጣሊያንን ለመግጠም ራስ እምሩን ተከትሎ ሽሬ የዘመተው የጎጃም ጦር ልዩ ልዩ ጠመንጃ ይዞ ነበርና ይህ ችግር የገበያ ጣጣ ብቻ ሆኖ አልቀረም።

በዚያው ዘመን የአዳኞች ክርክር በሌላው ዓለም ተጧጡፎ ነበር። እንግሊዞች በ1898 እ.ኤ.አ. ያወጡት ባለ ሁለት አፈሙዝ የዝሆን ጠመንጃ 31 ግራም ጥይት በሰከንድ 655 ሜትር ይወረውራል፤ ጉልበቱ ከ6,600 ጁል ይበልጣል፣ የውጅግራ ሁለት እጥፍ ተኩል ማለት ነው። በተቃራኒው ወገን የቆመው ስኮትላንዳዊው ዎልተር ቤል ነው። ቤል ከሺህ በላይ ዝሆን የገደለ ሰው ሲሆን በምዕራብ ኢትዮጵያ በጎሬ አካባቢም አድኗል። የሚወደው መሣሪያ 7 ሚሊ ሜትር ሞዜር ነበር፤ 6.5 ሚሊ ሜትሩን ምንሽርም ተጠቅሟል። የሞዜሩ ጥይት 11.2 ግራም ነው፤ ጉልበቱ ከውጅግራ እምብዛም አይበልጥም። ልዩነቱ ቅርጹ ላይ ነው። ቀጭን፣ ረጅም፣ አፍንጫው ክብ፣ ሙሉ በሙሉ በጠንካራ ብረት የተሸፈነ ስለሆነ ሳይጨፈለቅና ሳይጣመም አጥንቱን ሰንጥቆ አንጎል ይደርሳል። ይህ ዘዴ ለዎልተር ቤል ሠራ፤ የዝሆን ጭንቅላት ከየትኛውም አቅጣጫ ምን እንደሚመስል ያጠና ሰው ነበርና። ላላጠና ሰው የሚሠራ አይመስልም፤ በኋላ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ አውሬ ትልቅ ጥይት በሕግ ያስገደዱትም ይህን አይተው ነው።

እዚህ ላይ የብቸናና የሞጣ ታሪክ ከዝሆን አዳኙ ጋር ባልተጠበቀ ቦታ ይገናኛል። የጣሊያን ወታደር ይዞት የመጣው የካርካኖ ጠመንጃ 6.5 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥይቱ 10.5 ግራም፣ አፍንጫው ክብ፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 700 ሜትር ያህል። ቤል ዝሆን የገደለበት የ6.5 ምንሽር ጥይት መንትያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ጣሊያኖች ግን በኢትዮጵያ ጦርነት ይህ ጥይት የመታውን ሰው ወዲያው አይጥልም ብለው አማረሩ። ሳይጣመም ቀጥ ብሎ የሚያልፈው ያ ባሕርይ፣ ለዝሆን አጥንት የተመሰገነው፣ በጦር ሜዳ ነቀፋ ሆነበት። ቅሬታው በ1938 እ.ኤ.አ. ወደ 7.35 ሚሊ ሜትር ለመቀየር ከተነሡት ምክንያቶች አንዱ ነው፤ የዓለም ጦርነት ደርሶ ቅየራው መሐል ላይ ቀረ።

ለአርበኛው ግን ካርካኖ ከሁሉ ጥይት የተሻለ ነበር፤ ጠላት ራሱ ያመላልሰዋልና። በብቸና በላይ ዘለቀ፣ በሞጣ በኩል የንጉሥ ተክለ ሃይማኖት የልጅ ልጅ የሆኑት ልጅ ኃይሉ በለው ሲያምፁ ከጅቡቲ የሚመጣ ጥይት አልነበረም። የጣሊያን ቅፍለት ሲመታ ግን ጠመንጃውም ጥይቱም አንድ ላይ ይገኛል፣ ልኩም አንድ ነው። ከሞጣ ወደ በጌምድር የሚያሻግረው የጥንቱ ሰባራ ድልድይ አንድ ቅስቱ የፈረሰው በዚህ ዘመን ነው፤ ጠላት መንገድ ሲያጣ አርበኛው ጊዜ ይገዛል፣ ጥይት ግን አይገኝም፤ ስለዚህ መንገድ መቁረጥና ቅፍለት መጠበቅ ተመዛዝነው የሚወሰኑ ነገሮች ነበሩ። ውጅግራ የያዘው ደግሞ ቀለሁን እየሰበሰበ ወደ አያቱ ጥበብ ተመለሰ።

ነጻነት ከተመለሰ በኋላ ጎጃም ጠመንጃውን አላስረከበም። በላይ ዘለቀ ከመንግሥት ጋር ተጣልቶ ሶማ አምባ ላይ መሸገ፣ ተያዘ፣ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ዱካው ለሃያ ዓመት ሳይበርድ ቆየና በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር ዐዋጅ ሲመጣ ሞጣ፣ ብቸናና ዳሞት ተነሡ። ገበሬውን ካስቆጡት ነገሮች አንዱ የጠቅላይ ግዛቱ ገዥ ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ያዘዙት የጠመንጃ ምዝገባ ነበር። ግብር ለመለካት መሬቱን፣ ግብር ለማስከፈል ጠመንጃውን መቁጠር ነው ብሎ የተረዳ ገበሬ ብዙ አልተሳሳተም። መንግሥት ጦርና አውሮፕላን ላከ፤ ገዥው ከቦታቸው ተነሡ፤ በመጨረሻም ንጉሠ ነገሥቱ ውዝፍ ግብሩን ማሩ።

ትልቁ አደን ዛሬ ከዚህ አገር ርቋል። ፈቃድ ያለው አዳኝ የደጋ አጋዘን ፍለጋ ወደ ባሌና አርሲ ይሄዳል፤ ይዞ የሚመጣውም ብዙ ጊዜ እንደ .375 ያለ፣ በ1912 እ.ኤ.አ. የወጣና 5,700 ጁል የሚደርስ ጥይት ነው። በጎጃም ደጋ የቀረው ክላሽ ነው። ጥይቱ 7.9 ግራም፣ ፍጥነቱ በሰከንድ 715 ሜትር፣ ጉልበቱ 2,000 ጁል። ዐባይ ዳር ከጉማሬ ፊት ቢቆሙ ክላሹ ከውጅግራ በአንድ አምስተኛ ያንሳል። የክላሽ ጥይት ግን ከሱዳን ጠረፍ ጀምሮ ይገኛል፤ የውጅግራው ከጠፋ ቆይቷል።