የኢስፋራ ውሃና የሁለት ጎረቤታሞች እርቅ

ስሙኝማ! በአንድ የውሃ ማከፋፈያ ላይ በቆመ ምሰሶ ሰበብ ሁለት አገሮች እንዴት ደም እንደተፋሰሱ፣ ኋላም ተቀምጠው እንዴት እንደታረቁ ላውጋችሁ።

ቦታው መካከለኛው እስያ፣ ፈርጋና ሸለቆ ነው። እዚያ የኡዝቤኪስታን፣ የኪርጊዝስታንና የታጂኪስታን ድንበር እንደ ሹሩባ ተጠላልፏል። በሶቪየት ዘመን ድንበሩ ከወረቀት አያልፍም ነበር፤ እረኛው ከብቱን እየነዳ፣ ገበሬው ቦይ እየጠለፈ ወዲያና ወዲህ ይላል፣ የሚከለክለው የለም። በ1991 (ሁሉም ዘመን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) ኅብረቱ ሲፈርስ ግን ያ የወረቀት መስመር የአገር ወሰን ሆነ። ደግሞም መስመሩ አንድ አልነበረም። ታጂኮች የ1920ዎቹን ካርታ ይዘው ሲሟገቱ ኪርጊዞች የ1950ዎቹን ዘረጉ። 970 ኪሎ ሜትር ገደማ ከሚሆነው ወሰን ግማሽ ያህሉ ለዓመታት ሳይለይ ቀረ።

የባሰው ቮሩክ አካባቢ ነው። ቮሩክ የታጂክ ምድር ናት፤ ዙሪያዋን ግን የከበባት የኪርጊዝ መሬት ነው። ሰዎቿ ወደ ታጂኳ ኢስፋራ ከተማ ገበያ ሲወርዱ የሰው አገር ያቋርጣሉ። የሁለቱም ወገን ገበሬ የአፕሪኮት ዛፉን የሚያጠጣው ከአንዱ ከኢስፋራ ወንዝ ነው። ፀደይ ሲገባ፣ ቡቃያው ውሃ ሲጠማ፣ የዓይን ሁሉ ማረፊያ ጎሎቭኖይ የሚባለው የውሃ ማከፋፈያ ነው።

ኤፕሪል 2021 ላይ የታጂክ ሠራተኞች እዚያ ማከፋፈያ ዘንድ ምሰሶ ላይ ካሜራ ሰቀሉ። ኪርጊዞች "አውርዱ!" አሉ፤ "አናወርድም" ተባሉ። ድንጋይ ተወራወሩ። በማግስቱ ድንጋዩ ጥይት ሆነ። ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ፣ ቤቶች ተቃጠሉ፣ የድንበሩ በሮች ተዘጉ።

በሴፕቴምበር 2022 ደግሞ ታንክና መድፍ ወጣ። ከ100 በላይ ሰዎች አለቁ፤ በኪርጊዝ በኩል ብቻ ከ130 ሺህ በላይ ሕዝብ ቤቱን ጥሎ ሸሸ። ያን ሰሞን ሁለቱ ፕሬዚዳንቶች፣ የኪርጊዙ ሳዲር ጃፓሮቭና የታጂኩ ኤሞማሊ ራህሞን፣ የሻንግሃይ የትብብር ድርጅት ስለ ጸጥታ በሚመክርበት ጉባኤ ሳማርካንድ ነበሩ!

ይህን ልብ በሉልኝ። ሁለቱም አገሮች ሩሲያ የምትመራው የጋራ ጸጥታ ስምምነት ድርጅት አባላት ናቸው። በሁለቱም ምድር ላይ የሩሲያ ጦር ሰፈር አለ። ያ ሁሉ ቃል ኪዳን ግን የአንዲት መንደር ቤት እንዳይቃጠል አላደረገም። አባቶች "ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል" ያሉት ለእንዲህ ያለው ቀን ነው።

እርቁም የመጣው ከጎረቤት ነው። የሁለቱ አገሮች የያኔ የጸጥታ ሹማምንት፣ የኪርጊዙ ካምቺቤክ ታሺዬቭና የታጂኩ ሳይሙሚን ያቲሞቭ፣ አንዴ በዚህ ወገን አንዴ በዚያ ወገን እየተገናኙ፣ ባለሙያዎቻቸው መንገዱንና ቦዩን፣ ግቢውንና እርሻውን እያዩ፣ ወሰኑን ቁራጭ በቁራጭ ለዩት። መሬት በመሬት ተለወጠ። በዲሴምበር 2024 "ጨርሰናል" አሉ። ማርች 13 ቀን 2025 ፕሬዚዳንቶቹ ቢሽኬክ ላይ ፈረሙ፤ የመንገዱና የውሃው አጠቃቀምም የስምምነቱ አካል ሆነ። ተዘግቶ የከረመው ኬላ ተከፈተ። በወሩ መጨረሻ ደግሞ የኡዝቤኪስታኑ ፕሬዚዳንት ሻቭካት ሚርዚዮዬቭ ተጨምረው ኩጃንድ ከተማ ላይ ሦስቱ ድንበሮች የሚገናኙበትን ነጥብ አጸደቁ።

ዋጋ ሳይከፈል ግን አልሆነም። ዶስቱክ የምትባል የኪርጊዝ መንደር ለታጂኪስታን እንድትሰጥ ተወስኗል፤ ነዋሪዎቿ ሌላ ቦታ ቤትና መሬት ይሰጣችኋል ተብለዋል። ድርድሩ በዝግ ስለተካሄደ ብዙው ሰው ውጤቱን የሰማው ካለቀ በኋላ ነው። የተከለውን ዛፍ ትቶ የሚሄድ ገበሬ ለሁለት አገር ሰላም ከፍሏልና ካሳው በወጉ ሊደርሰው ይገባል።

ነገሩ እዚህ አያበቃም። ከእነዚህ አገሮች በስተደቡብ ያለችው አፍጋኒስታን ከአሙ ዳርያ ወንዝ የሚጠልፍ 285 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ቦይ እየቆፈረች ነው፤ ቆሽ ቴፓ ይሉታል። የመካከለኛው እስያ አገሮች ውሃቸውን በሚከፋፈሉበት ውል ውስጥ አፍጋኒስታን የለችበትም። በታች ያሉት ኡዝቤኪስታንና ቱርክሜኒስታን ጥጣቸውን የሚያጠጡት ከዚሁ ወንዝ ነው። እንግዲህ ኢስፋራ ላይ ደም ከፈሰሰ በኋላ የተደረገው ምክክር፣ አሙ ዳርያ ላይ ደም ሳይፈስ ይጀመር። ካቡልን ወደ ሸንጎው ጠርቶ ውሃውን አብሮ መለካት ዛሬ ይቻላል፤ መንደር ከተቃጠለ በኋላ ግን መጀመሪያ የሚቆጠረው ሬሳ ነው።